ታርጋ አነባለሁ እኮ፣ ምን ሆኜ ነው የምመረመረው?

«ሲስተር ጤና ይስጥልኝ። ስሜ ይቆይልኝ፣ 44 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ሂሳብ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነኝ። አባቴ ገጠር ነው ያለው፣ ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ ሞራ ነው በጊዜው ይገፈፋል ብለን ተዘናጋን፣ አምና ይዘነው ስንመጣ ግላኮማ ነው፣ አንዱ ዓይን አልቋል፣ ሌላውም ብዙ አልቀረውም አሉን። ጠብታ ታዘዘለት፣ ሦስት ወር አደረገና ምንም ለውጥ የለውም ብሎ ተወው። አሜሪካ ሜሪላንድ ያለችው ታላቅ እህቴ ደግሞ እዛ ስትታይ የዓይንሽ ፕሬዠር ከፍ ብሏል ተባለችና ሁላችሁም ተመርመሩ እያለች በየቀኑ ቴሌግራም ላይ ቮይስ ትልካለች። ባለቤቴም እሷን ሰምታ ነዘነዘችኝ። እኔ ግን ምንም አልሆንኩም፣ ከፊቴ ያለውን መኪና ታርጋ ከሩቅ አነባለሁ፣ መንጃ ፈቃድ ሳሳድስም ዓይኔን አይተው አልፌያለሁ። ለቅርብ ብቻ ትንሽ ስላስቸገረኝ ከመንገድ ላይ መነጽር ገዝቻለሁ፣ ማታ ዓይኔ ሲቀላ ደግሞ ከፋርማሲ የማስመጣት ጠብታ አለች፣ እሷን ጠብ ሳደርግ ይተወኛል። ሳያመኝ ሐኪም ቤት መሄድ በሽታ መጥራት አይሆንም ወይ? አባቴስ የማያሽለውን ጠብታ በግድ ይውሰድ? ባለቤቴ ራሷ ስድስት ዓመት የሆነው ስኳር አለባት ግን መድኃኒቷን በሥርዓት ስለምትወስድ ደህና ናት፣ ጭቅጭቁ እኔ ጤነኛው ላይ ነው።»

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ላሠራህ። ሁለቱንም እጅህን ፊት ለፊትህ ዘርጋና አውራ ጣቶችህን ጎን ለጎን አቁማቸው። ግራ ዓይንህን ጨፍን። በቀኝ ዓይንህ ግራውን አውራ ጣት ብቻ ትክ ብለህ እያየህ፣ ቀኙን አውራ ጣት ቀስ እያልክ ወደ ቀኝ አርቀው። አንድ ስንዝር ሳይሞላ የጣቱ ጫፍ ጥፍት ይላል። ትንሽ ስታርቀው ተመልሶ ይመጣል። ካልሆነልህ ዓይንህ ሰርቆ ቀኙን እያየ ነው፣ ድገመው።

አየህ አይደል? እዛች ቦታ ላይ ዓይንህ አያይም። አትደንግጥ፣ በሽታ አይደለም፣ ሁላችንም ጋ አለ፣ የዓይን ነርቭ ተሰብስቦ ወደ ኋላ የሚወጣባት ቦታ ስለሆነች እዛ ጋ ብርሃን የሚቀበል ነገር የለም። ግን እስቲ አስበው፣ 44 ዓመት ሙሉ ይሄን ቀዳዳ ይዘህ ስትዞር አንድ ቀን እንኳን ጥቁር ነገር ታይቶህ ያውቃል? አያውቅም፣ ምክንያቱም አእምሮ ከዙሪያው እየቆነጠረ ይሞላዋል፣ ግድግዳ ከሆነ በግድግዳ ሰማይ ከሆነ በሰማይ። ግላኮማም የሚያታልለው በዚሁ ነው። ከዳር ከዳር እየበላ ሲመጣ አእምሮህ እየጠጋገነ ደህና ነህ ይልሃል፣ ታርጋ የምታነብበት መሃሉ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚሄደው። አባትህም አንዱ ዓይናቸው እያለቀ እያለ ከማዶ የመጣውን ሰው በመልኩ ይለዩት ነበር ብዬ እገምታለሁ፣ ጠይቃቸው እስቲ።

እኔ ዓይን ክፍል ከ20 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የቆምኩት ሰሌዳው ጋ ነው፣ ያቺ ፊደል ለማያውቅም ሰው እንድትሆን እግሯ ወደ ላይ ወደ ታች ወደ ጎን የዞረች ምልክት ያለባት፣ ሰዉ በጣቱ ወዴት እንደዞረች የሚያሳየን። አንድ ቀን አንድ የሚኒባስ ሾፌር መጣ፣ 50 ያልሞላው ሰው ነው፣ የመጣውም ለራሱ አይደለም እናቱን ይዞ ነው። እናቱ ውስጥ እስኪጨርሱ ድረስ እኔ ጋ ቆሞ ሲያወራ መኪናው በግራ ጎኑ በሦስት ወር ውስጥ ሦስቴ እንደተላጠ እየነገረኝ ባጃጆቹን ይራገማል፣ ከየት እንደሚመጡ አይታወቅም ሲስተር፣ ከመሬት ነው የሚወጡት ይለኛል። እስቲ ና ልይህ አልኩት፣ እንዲሁ ለጨዋታ። ግራውን ሸፈንኩለት፣ በቀኙ እስከ ታችኛዋ መስመር ድረስ ጣቱን ቶሎ ቶሎ እያዞረ ወረደልኝ፣ አንድም አልሳተ። ቀጥዬ ቀኙን ሸፈንኩት። ዝም አለ። ትንሽ ቆየና «ሲስተር፣ መብራት ሄደ እንዴ?» አለኝ።

መብራቱ አልሄደም ነበር። ግራ ዓይኑ መቼ እንደጠፋ እሱም አያውቅም፣ ቀኙ እየሸፈነለት ሁለት ዓይን ያለው መስሎት ሰው ጭኖ ሲነዳ ነበር። እስከ ዛሬ ያቺ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ አለች፣ ለዛ ነው «ታርጋ አነባለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ በሁለቱም ነው በአንዱ? የምለው። አንተም አሁን ስታነብ ሳለህ አንዱን ሸፍን፣ ከዛ ሌላውን። ይሄን ሁሉም ሰው በወር አንዴ ቢያደርገው ምን ነበረበት። ግን እሱንም አልፈህ ደህና ነኝ እንዳትል፣ ሁለቱም መሃሉን እያዩ ዳሩ ሊሄድ ይችላልና።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳህ። ዓይን ውስጥ ውሃ አለ፣ እንባ አይደለም፣ የውስጥ ውሃ ነው፣ ሁልጊዜ ይመረታል ሁልጊዜም በቀጭን ማጣሪያ ይወጣል። ልክ እንደ ሮቶ አስበው፣ መግቢያው እንደተከፈተ መውጫው በዝገት ቢጠብ ምን ይሆናል፣ ግፊት ይጨምራል፣ የዓይን ፕሬዠር የሚሉት እሱን ነው። ልዩነቱ ሮቶው ያፈሳል፣ ዓይን አያፈስም፣ ግፊቱ በስተኋላ ያለውን ነርቭ ነው የሚጫነው። ያ ነርቭ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ክሮች አሉት፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ሲበጠሱ አያምም፣ አይቀላም፣ አያሳክክም። የተበጠሰው ደግሞ አይቀጠልም፣ እስካሁን ይሄን የሚመልስ ሕክምና የትም አገር የለም። ግፊቱ በተለምዶ ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ድረስ ነው ይባላል፣ ግን ቁጥሩ ልክ ሆኖ ነርቩ የሚጎዳበት ሰውም አለ፣ ስለዚህ ፕሬዠር ብቻ ተለክቶ ሂድ ከተባልክ ነርቩንስ አላያችሁልኝም? በል። (በድንገት ዓይን ቀልቶ፣ ከባድ ራስ ምታትና ማስመለስ ኖሮት፣ መብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና የሚያሳይ ዓይነትም አለ፣ እሱ በዛው ቀን ድንገተኛ የሚኬድበት ነው፣ ቀጠሮ አይጠበቅበትም።)

«ሳያመኝ መሄድ በሽታ መጥራት» ላልከው፣ እኔም እናቴ እንደዛ ትል ስለነበር አልስቅብህም። ግን መኪና አለህ አይደል? በየዓመቱ ቦሎ ለማውጣት ምርመራ ስታስገባው ፍሬኑ ተበጥሶ ነው እንዴ? ስትመልሰው ደግሞ ብልሽት ጠርተህበት አታውቅም። በሽታው ካለ ሳትጠራውም እቤትህ ገብቶ ቁጭ ብሏል፣ ከሌለ ደግሞ ማሽን ስላየህ አይመጣም።

አንተ ደግሞ ዝም ብሎ እንደማንኛውም የ44 ዓመት ሰው አይደለህም። ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ ግላኮማ ያለበት ሰው ለበሽታው ያለው ተጋላጭነት ከሌላው ከ4 እስከ 9 እጥፍ እንደሚደርስ ነው የሚነገረው፣ አንተ አባት አለህ፣ እህትህ ላይ ደግሞ ፕሬዠሩ ታይቷል። እኛ ጥቁሮች ላይ ደግሞ ቀደም ብሎ ይጀምራል፣ ሲመጣም ይከፋል። ስለዚህ እህትህ ቮይስ ስላበዛች አትቆጣት፣ ሐኪሞቹ ለሷ ከነገሯት ነገር ሁሉ ትልቁን ነው የሰራችው። ሌሎቹን ወንድምና እህቶችህንም ጨምር፣ ዓረብ አገር ያለም ካለ፣ «ለእረፍት ስመጣ» እያለ አምስት ዓመት የሚገፋው እሱ ነው።

የአባትህ ነገር አሳዝኖኛል፣ ግን ልወቅሳችሁ አይደለም፣ ሞራ ነው ብላችሁ መዘናጋታችሁ የሁሉም ቤት ታሪክ ነው። በ1998 ዓ.ም. አካባቢ በተሠራው አገር አቀፍ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ከመቶ ሰው 1.6ቱ ዓይነ ስውር ነበር፣ ከዛ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በሞራ ነው፣ ትራኮማ ጠባሳው ይከተላል፣ ግላኮማ 5.2 በመቶ ነበር። እና ሞራ ስለበዛ አዛውንት ዓይኑ ሲደክም ጎረቤቱ ሁሉ ሞራ ነው ይላል። ሞራ ታጋሽ ነው፣ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥተው በሰው ሠራሽ ይተኩታል፣ ብዙው ሰው በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ የልጅ ልጁን ያያል። ግላኮማ ግን እየጠበቀህ አይደለም፣ እናንተ ቆይ እስኪበስል ስትሉ እሱ ይሠራል። ከውጭ ለይቶ የሚያውቅ ጎረቤት ደግሞ የለም፣ እኔም 20 ዓመት ሠርቼ በዓይኔ አይቼ አልለየውም፣ ውስጡ መታየት አለበት።

መንጃ ፈቃድ ሳሳድስ አልፌያለሁ ላልከው፣ እዛ የሚያዩት ሰሌዳውን ማንበብህን ነው። መነጽር ቤትም ስትሄድ የሚለካው የመነጽርህ ቁጥር ነው። ሁለቱም አይጠሉም፣ ግን አንዳቸውም ውስጥ ገብተው ነርቭህን አላዩትም፣ ሰው ይሄን ሲቀላቅለው ነው የሚበላው። የመንገድ መነጽርህን በተመለከተ፣ ከ40 በኋላ ለቅርብ መያዝ የሁሉም ዕጣ ነው፣ እኔም መርካቶ ለመርካቶ ስዞር ገዝቼ አውቃለሁ፣ ዓይን አያጠፋም። ጉዳቱ ሌላ ነው፣ ዓይንህ አስቸግሮህ ሐኪም ጋ ልትሄድባት የነበረችውን አንዷን ቀን መነጽሯ ሰረቀችህ።

ያቺ የፋርማሲ ጠብታ ግን አስፈራችኝ። ጠርሙሷን አንሳና በደቃቁ የተጻፈውን አንብብ። ዴክሳሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ቤታሜታዞን ከሚሉት አንዱ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፀረ ባክቴሪያ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው፣ ስቴሮይድ ነው። ቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፋ ሰው ይወደዋል። ሐኪም አዞት ለአጭር ጊዜ ሲሆን ጥሩ መድኃኒት ነው፣ በራስ ሥልጣን ለወራት ሲወሰድ ግን ራሱ ፕሬዠር ያስነሳል፣ ሞራም ያመጣል፣ የግላኮማ ቤተሰብ ላይ ደግሞ ይብሳል። ወጣት ልጆች ለዓይን አለርጂ ብለው ሲጨምሩት ኖረው ነርቫቸው አልቆ መጥተው አይቻለሁ፣ ከዛ በላይ የሚያናድድ ነገር የለም። ከዛሬ ጀምሮ ዝም ብለህ አትጨምር፣ ጠርሙሷን በኪስህ ይዘህ ሐኪሙ ጋ አሳያት፣ ስንት ጊዜ እንደወሰድክም አትደብቅ። የማታ ቅላትህ ምናልባትም ኮምፒውተር ላይ ሳታርገበግብ ስለምትቆይ ነው፣ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ያህል በመስኮት ራቅ ያለ ነገር እያየህ ዓይንህን ጨፈን ከፈት አድርግ፣ ልዩነቱን ታየዋለህ።

ወደ አባትህ ልምጣ። ጠብታው ምንም ለውጥ የለውም ማለታቸው እውነታቸውን ነው፣ ለውጥ እንዲያመጣ አልተሰጣቸውም! የሄደውን አይመልስም፣ የቀረውን ነው የሚጠብቀው። ይሄን ቁጭ ብሎ የነገራቸው ሰው የለም ማለት ነው፣ ወረፋ በበዛበት ቦታ ጠዋትና ማታ አንዳንድ ጠብታ ይባልና በቃ። ስለዚህ ደውልላቸውና እንዲህ በላቸው፣ አባዬ አሁን ብቻህን ደጅ ወጥተህ ትመለሳለህ? የሰው ጥላ ይታይሃል? ጠብታው እሷን እንዳትወሰድብህ ነው በላቸው፣ ዘበኛ ነው ዘበኛ ደግሞ ሌባ ስላልመጣ አይባረርም በላቸው፣ ይገባቸዋል። ፀበልም የሚጠመቁ ከሆነ ይጠመቁ፣ እኔ አማኝ ነኝ፣ ጠብታውን ግን ለፀበሉ ብለው አያቋርጡ።

ግን የድሮዋን ጠርሙስ አንስተው እንዳይቀጥሉ፣ አንዴ የተከፈተ ጠብታ ብዙውን ጊዜ አንድ ወር ነው። ሦስት ወር ወስደው ትተውታልና መጀመሪያ ፕሬዠራቸው እንደገና ይለካ። አስም ካለባቸው ወይም የልብ ምታቸው ዝግ የሚል ከሆነ ሳይጠየቁም ይናገሩ፣ ቲሞሎል የሚባለው በብዛት የሚታዘዘው ጠብታ ለነሱ አይሆንም። ገጠር ሆነው በየወሩ ጠብታ ማግኘት የማይቻል ከሆነም ያንኑ በግልጽ ንገሩ፣ ቀዶ ጥገና አለ፣ ሌዘርም ያለበት ቦታ አለ፣ ሐኪሙ ጠብታ ያዘዘው ታገኛላችሁ ብሎ ነው። አጨማመሩንም አብሯቸው ያለው ልጅ ይማር፣ እጅ ታጥቦ፣ የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጎ አንድ ጠብታ ብቻ፣ ከዛ ዓይናቸውን ጨፍነው በአፍንጫቸው በኩል ያለውን የዓይናቸውን ጥግ ለአንድ ሁለት ደቂቃ በጣት ጫን፣ አለበለዚያ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። ሁለት ዓይነት ከሆነ በመሃል አምስት ደቂቃ። ብዙ ሰው ጠብታው ጉንጩ ላይ ወርዶ መድኃኒቱ አልሠራም ይላል።

አሁን ደግሞ ባለቤትህ። ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ «ደህና ናት» ብለህ አለፍካት፣ እኔ ግን እዛ ላይ ነው ቀጥ ያልኩት። ስድስት ዓመት የሆነው ስኳር፣ አንዴም ዓይኗን ታይታ እንደሆነ አልነገርከኝም፣ አንተን ስትነዘንዝ ራሷን ረስታለች መሰለኝ። ስኳር ዓይን ውስጥ በስተኋላ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ላይ፣ ሬቲና የሚባለው ላይ፣ ያሉትን ደቃቅ የደም ሥሮች ነው የሚያበላሸው፣ ያፈሳሉ፣ ይደፈናሉ፣ ከዛ አዲስ ደካማ ሥሮች ይበቅሉና አንድ ጠዋት ዓይን ውስጥ ይደማሉ። እስከዛ ድረስ እሷም ታርጋ ታነባለች። በአዋቂነት የሚመጣው ስኳር ከሆነ፣ ምርመራው ስኳሩ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ነው የሚጀመረው፣ ከዛ በየዓመቱ፣ መድኃኒት በሥርዓት መውሰዷ በጣም ይረዳል ግን ምርመራውን አይተካም። ቀድሞ ሲታይ በሌዘር ወይም ዓይን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ይያዛል። ደግሞ ልንገርህ፣ ሰውነትን ሳይቀድዱ የውስጥ ደም ሥርን በቀጥታ በደንብ ማየት የሚቻለው እዛ ነው፣ ደም ግፊታቸውን ሳያውቁት ዓይን ክፍል መጥተው ሐኪሙ ሬቲናቸው ላይ አይቶ ቶሎ ግፊትህን ተለካ ያላቸው ሰዎች አሉ። መነጽር ፈልገው መጥተው ስንቱን አተረፉ።

ምርመራው ራሱ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ሰሌዳ ታነባለህ፣ አገጭህን ማይክሮስኮፕ ላይ ታስደግፋለህ፣ ፕሬዠር ሲለካ ወይ እፍ የሚል አየር ነው፣ ወይ ማደንዘዣና ቢጫ ጠብታ ተደርጎልህ ሰማያዊ መብራት ቀርቦ ይነካሃል፣ አይታወቅህም። ከዛ ብሌንህን የሚያሰፋ ጠብታ ያደርጉልህና ግማሽ ሰዓት ያህል ትቀመጣለህ፣ ነርቩንና ሬቲናውን የሚያዩት ያኔ ነው። ከተጠራጠሩ የእይታ ስፋት ምርመራ ያዙልሃል፣ ነጭ ሳህን የመሰለ ነገር ውስጥ እያየህ ብልጭ ባለ ቁጥር ቁልፍ መጫን ነው፣ ይሰለቻል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ቢሆንም ቀልድ አታድርገው። ወጪው ካሳሰበህ የመንግሥት ሆስፒታል አለ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ዓይን ክፍል አዲስ አበባ ላይ የታወቀ ነው፣ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈህ፣ ጤና መድን ካለህ ደብተርህን ይዘህ፣ ጠዋት በጊዜ። ወረፋው እንዳለ ነው፣ አልዋሽህም። የግል ክሊኒክ ከሆነ ደግሞ ከመሄድህ በፊት ደውለህ ብሌን አስፍታችሁ ነርቭ ታያላችሁ ወይ ብለህ ጠይቅ።

ፕሬዠርህን በቁጥር፣ የቀኝና የግራ ለይተህ አጽፈህ ውጣ፣ «ደህና ነው» የሚል ወረቀት ለሚቀጥለው ዓመት ማወዳደሪያ አይሆንህም። የእህትህንም ቁጥር ጠይቃት፣ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል። ሁሉም ደህና ከሆነ መቼ ልመለስ ብለህ ቀን አስይዝ፣ አንተን ለመሰለ ሰው ብዙውን ጊዜ ዓመት ሁለት ዓመት ነው የሚሉት።

አንድ ነገር ብቻ፣ ታረቁና አብራችሁ እንዳትሄዱ። ብሌን ከሰፋ በኋላ ለአራት አምስት ሰዓት የቅርብ ነገር አይነበብም፣ ፀሐይ ዓይን ይወጋል፣ መንዳት አይቻልም። ማክሰኞ አንተ፣ ሐሙስ እሷ፣ አለበለዚያ ሁለታችሁም ሆስፒታል በር ላይ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ቆማችሁ ራይድ የሚጠራላችሁ ሰው ትፈልጋላችሁ፣ ስልኩንም ማንበብ አትችሉማ።